ከውጭ የሚሞክረው ሰው

እኛ ቤት ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ካለ ደመወዝ የምትከፍለው የሂሳብ ሠራተኛዋ ናት። ለሌሎቻችን "ሽቦ" ነው። ስሙን ያወጣችለት ልብስ አጣቢዋ ናት። የመጀመሪያ ቀን ቁመቱ አላስገባ ብሎት በሩ ላይ ጎንበስ ሲል አየችውና "ይሄ ሽቦ ደግሞ ከየት መጣ?" አለች፣ በዚያው ጸደቀ። እሱም አልተቀየመም። "የሚገርመው ሽቦ ከነካሁ ስንት ዘመኔ!" ብሎ ፈገግ አለ። ያን ጊዜ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ቤቱ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። እኔ የታችኛውን ፎቅ ነዋሪዎች እንከባከባለሁ፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ እቆጣለሁ። አዎ፣ እቆጣለሁ። ሥራ አስኪያጁ "ድምፅሽን ቀንሺ" እያለኝ ይኖራል፣ እኔም እየጮህኩ እኖራለሁ። ግማሾቹ ነዋሪዎች ጆሯቸው ስለማይሰማ እስከ ዛሬ የከሰሰኝ የለም።

ሽቦ ኔትወርካችንን የሚጠብቅልን ሰው ነው። ከእኛ ሌላ ሁለት ሦስት ድርጅቶች አሉት። ዕድሜው አርባን ተሻግሯል። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ቆይታለች፣ ልጅ አልወለዱም፣ የሚኖረው አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ አፍታ የነገረኝ እንዳይመስላችሁ፤ ቃል በቃል እየጎተትኩ ነው ያወጣሁት። አንድ ቀን ስልኩ ሲጮኽ ክው ብሎ ሲያነሣ አየሁትና "ምን ያስደነግጥሃል? ሰው ደወለ እንጂ ምን መጣ!" አልኩት።

"ለኔ የሚደወለው የሆነ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው" አለኝ።

"ሲስተካከልስ?"

"ሲስተካከልማ ማን ይደውላል?"

እንደ ቀልድ ነበር ያወራው፣ እኔም ሳቅሁ። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ግን አውቶቡሱ ውስጥ ትዝ አለኝና መውረጃዬን አለፍኩ።

በታችኛው ፎቅ ጥግ ላይ የጥሪ ክፍል የምንለው አለ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል፤ ፊት ለፊቱ መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች ተደርድረዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሩቅ ያሉ ልጆችና የልጅ ልጆች በዚያ ስክሪን ይደውላሉ። አሮጊቶቹ ከጠዋት ጀምረው ነው የሚለባብሱት። ሽማግሌዎቹም "እኔ ምን ቸገረኝ" እያሉ ሹልክ ብለው ከሁሉም ቀድመው ወንበር ይይዛሉ።

ድርጅቱ ሰርቨሩን ወደ ክላውድ ሲያዛውር ይህ ሁሉ ጸጥ አለ። ሰርቨር የሚባለው ዕቃ ድሮ ደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀን ከሌት ሲያጓራ የሚኖር ሣጥን ነበር። አሁን ከሌላ ድርጅት በተከራየነው፣ የት እንዳለ እንኳን በማናውቀው ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። ያዛወሩት ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተጨባብጠው፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። ቅዳሜ ደረሰ። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ዋለ።

ከሁሉም የከፋው ለእማማ ነበር። እማማ የምንላቸው ብዙ ናቸው፤ እኔ የምለው ግን ልብስ ሰፊዋን ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲለኩ፣ ሲቆርጡ፣ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው። አሁን ዐይናቸው እየጠበበ ነው። ሐኪሙ እንደነገረን በሽታው ከዳር ወደ መሀል እያጨለመ የሚሄድ ነው። የቀረቻቸው መሀል ላይ ያለችው፣ በመርፌ ቀዳዳ እንደማየት ያለችው ብቻ ናት። እሷም ብዙ አትቆይም። መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ይህ የተነገራቸው ዕለት አላለቀሱም። "ልጄን ሳላይ እንዳትጠፋብኝ ብቻ" አሉ። ልጃቸው አንድ ለእናቱ ነው፤ ሩቅ አገር ነው የሚኖረው።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው አንጀቴን የሚበላው። ዐይን እንደ ክር ያልቃል ብለው አመኑ። ባዩበት ቁጥር ይቀንሳል፣ ባላዩበት ቁጥር ይተርፋል። ከጥቁር ጨርቅ፣ በዳበሳ፣ እጥፍ አድርገው መሸፈኛ ሰፉና ዐይናቸው ላይ አሰሩት። ሳምንቱን ሙሉ ታስሮ ይሰነብታል፤ ለቅዳሜ ብቻ ይፈታል። መስኮት የለ፣ ቴሌቪዥን የለ፣ ሰው ማየት የለ። ሐኪሙ "እማማ፣ ዐይን በማየት አያልቅም" ቢላቸው "አንተ መርፌ ክር አስገብተህ ታውቃለህ?" ብለው ዝም አሰኙት። እኔም ስንቴ ተቆጣሁ፤ ወይ ፍንክች! "ልጄ ቢደውል በምኔ ላየው ነው?" ይሉኛል። እንግዲህ ስክሪኑ የተበላሸው ዐይናቸውን እንዲህ በሚቆጥቡ ሴት ላይ ነው።

ሽቦ መጥቶ ጥሪ ክፍሉ ውስጥ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘረጋ። እኔም መጥረጊያዬን ይዤ አጠገቡ ቆምኩ፤ የማያገባኝ ነገር እንደሚጥመኝ ያውቃል።

"እንዲህ አድርገሽ ስሚው" አለኝ። "ክላውዱ ውስጥ የራሳችን ሰፈር አለ በይ። መንገዱም፣ ቤቱም፣ በሩም በጽሑፍ የተሠራ ነው፤ የሚዳሰስ ሽቦ እንኳን የለውም። በሩ ላይ ፋየርዎል የሚባል ዘበኛ አለ። ለዘበኛው ደንብ ይጻፍለታል፤ እገሌ ይግባ፣ እገሌ አይግባ። ደንቡን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው። የሚመለከተውን አንዱን ካገኘ የቀረውን ዞር ብሎም አያየው።"

"ታዲያ ምን ሆነ?"

"ያዛወሩት ሰዎች 'ከውጭ ማንም አይግባ' የሚለውን ከላይ፣ 'ቤተሰቦች ይግቡ' የሚለውን ከታች ጻፉት።"

"ዘበኛው ታዲያ የመጣውን ሰው 'አትገባም' ብሎ አይመልሰውም?"

"አይመልስም። እንዲያ ብሎ የሚመልስም ዘበኛ አለ። የኛው ግን ዝም ነው። የደወለው ሰው ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ይሰለቸዋል፣ ይዘጋዋል።"

"ዝም ከሚል አፍ አውጥቶ ቢሳደብ አይሻልም?"

"ለጥንቃቄ ዝምታው ይመረጣል" አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለሚጠብቅ ሰው ግን ክፉ ነው" አለ።

ሁለቱን ደንቦች አቀያየራቸው፤ በቃ፣ ሥራው ይኸው ነበር። እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት "ቆይ" አለኝ። ይህ ሰው አንድ ልማድ አለው። ከውጭ ሳይሞክር ሠርቷል አይልም። ላፕቶፑን ይዘጋል፣ ስልኩን ከቤቱ ዋይፋይ ያላቅቃል፣ ከግቢው ይወጣል፣ መንገዱን ይሻገርና መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ይቆማል። ከዚያ በራሱ ስልክ፣ በራሱ ዳታ፣ እንደ ባዳ ሰው ይደውላል። "ከውስጥ ሆኖ የሚሞክር ራሱን ነው የሚሸውደው" ይላል። "ውስጥ ላለ ሰው ሁሉም በር ክፍት ይመስለዋል።" ስክሪኑ ጮኸ፤ ነካሁት፤ የሽቦ ረጅም ፊት ግድግዳውን ሞልቶት ቁጭ አለ፤ ከኋላው መድኃኒት ቤቱና መንገደኛው ይታያል። "ሙከራ ነው!" አለ። ሁሌም የሚላት ይህችኑ ነው።

ቅዳሜ ክፍሉ ገበያ መሰለ። አንዱ የልጅ ልጁን ጥርስ ይቆጥራል፣ አንዷ "ወፍረሻል" ብላ ልጇን ታስለቅሳለች። እማማ መሸፈኛቸውን ፈትተው፣ ፀጉራቸውን አስበጥረው፣ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም በየተራ አውርቶ ሄደ። ለእሳቸው ግን አልጮኸም። "የኔው መስመር ገና አልተበጀም" አሉና ጨርቁን መልሰው አሰሩት።

እንዲህ ያሉበት ምክንያት ነበራቸው። ልጃቸው ወደ ቢሮው ስልክ መልእክት ልኳል። "ለእማዬ ንገሩልኝ፤ እየሞከርኩ ነው፣ ኔትወርኩ እምቢ ብሎኝ ነው" ይላል። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ድገሚልኝ አሉኝ፣ ደገምኩላቸው።

ለሽቦ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። "ለአንድ ሰው እምቢ ካለ አልተሠራም ማለት ነው" አለና እንደገና ሥራውን ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያልፈተሸው ነገር የለም። ልጁ ያለበት አገር በጅምላ ተከልክሎ እንደሆነ አየ። ልጁ ካለበት አገር ለሚመጣ ሁሉ የሚሆን ደንብ ጽፎ ከሁሉም በላይ አስቀመጠው፤ ለደንቡም "እማማ" ብሎ ስም ሰጠው። የሚገባውን ፈቅዶ የሚወጣውን መልስ የሚያግድ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ መንገዱን ደርሶ መልስ መረመረ። በየቀኑ ማለት ይቻላል ይመጣል። ይህ ሁሉ እኮ አልጋው ላይ ተጋድሞ የሚሠራ ሥራ ነው! "ክላውዱ ያለው እኛ ጓዳ ነው እንዴ?" ብዬ ነገር ፈለግሁት።

"ቤቴ ጭር ይላል" አለኝ። "እዚህ ቢያንስ አንቺ ትጮሂያለሽ።"

ሻይ አመጣሁለት።

ላፕቶፑን ይዞ የሚቀመጠው ከእማማ ወንበር አጠገብ ነው። እሳቸው ዐይናቸው እንደታሰረ፣ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ውለው ይገባሉ።

"አገኘኸው?" ይሉታል።

"ገና ነኝ፣ እማማ።"

"አትቸኩል። እኔም ተጣድፌ የሰፋሁት ሁሉ ብብቱ ላይ ነበር የሚተረተርብኝ።" ቀጥለው ደግሞ "ድምፅህ ከላይ ነው የሚመጣው። ረጅም ነህ ልበል?"

"ትንሽ።"

"ሸሚዝ ከየት ታገኛለህ?"

"የተገኘውን ነው የምለብሰው። እጅጌው ያጥረኛል።"

"እንዴት አያጥርህ!" ብለው እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘርግተው የእጅጌውን ጫፍ ይዳብሱታል። እሱም ሥራውን ትቶ እጁን እንደሰጠ ይቆያል። ጨርቁን ፈትተው አይተውት ግን አያውቁም። ዐይናቸው ለልጃቸው የተቀመጠ ነው፤ ሽቦም ይህን ያውቃል፤ ለኔም "አልፈርድባቸውም" ብሎኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለእማማ ኪኒን ይዤ ጥሪ ክፍል ገብቼ ሳለ ስክሪኑ ጮኸ። ቅዳሜ አልነበረም።

"ልጄ!" አሉ እማማ። ጨርቁን እንዴት እንደፈቱት አላየሁም፤ ወዲያ ወረወሩት። "ፀጉሬ! ኧረ ፀጉሬን!" በእጄ አስተካከልኩላቸው፣ ሻርፓቸውን ሰበሰብኩላቸው። ስክሪኑን ነካሁት።

ረጅም ፊት፤ ከኋላው መድኃኒት ቤት።

"ሙከራ ነ..." ብሎ ሽቦ ቃሉን ሳይጨርስ ቀረ። እማማ ልክ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው፣ ዐይናቸው ተፈትቶ፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው ሲያያቸው ምን እንዳደረገ ገባው። ዘወትር ሊሞክር ሲወጣ ለኔ ነግሮኝ ነው የሚሄደው። ያን ቀን ሥራው ውስጥ ገብቶ ረሳው።

እማማ ከስክሪኑ ዘወር አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጨርቁን ፈለጉት፤ ከወለሉ አንሥቼ ሰጠኋቸው። "ደግ ነው" አሉ እያሰሩት። "ድምፁም ጥርት ብሎ ይሰማል። ምስሉም ደህና ነው። ጎበዝ።" ማፅናናታቸው ነበር። እሳቸው እሱን!

በብስጭት ወጣሁ። መድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። "ምን ነካህ? ሳትነግረኝ? ሴትዮዋን ልትገድላቸው ነው እንዴ?" ብዬ ጀመርኩ። አልሰማኝም። ላፕቶፑን እያየ ነበር።

"ገብቻለሁ" አለኝ።

"ምን?"

"ልጃቸው ያለበት አገር ውስጥ ኮምፒውተር ተከራይቼ በዚያ በኩል ዞሬ ነው የደወልኩት። እንደ ልጃቸው ሆኜ። 'እማማ' ያልኩት ደንብ ተቀብሎ አስገባኝ። ይኸው ሎጉ፣ ማለት የዘበኛው መዝገብ ላይ ተጽፏል።" ጣቱን አንዲት መስመር ላይ አሳረፈ። "ከዚህ በላይ ግን ባዶ ነው። ደንቡን ከጻፍኩት ወዲህ በዚህ በር የመጣ ከኔ ሌላ የለም።"

"የተከለከለውን አይጽፍ ይሆናላ።"

"ይጽፋል። ያስገባውንም፣ የከለከለውንም ይጽፋል። ገና መጥቶ ማንኳኳቱ ራሱ ይመዘገባል።" ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ከደነው። "አላንኳኳም፣ እህቴ። ልጃቸው አንድም ቀን አላንኳኳም።"

ደሜ ፈላ። ዐይኑን በጨው የታጠበ ውሸታም፤ ኔትወርኩ እምቢ አለኝ ብሎ! እኔስ? ያንን መልእክት ሁለት ጊዜ ያነበብኩት እኔ አይደለሁም? ሽቦ ግን "ከሱ ወገን ተበላሽቶ ከቤቱ ሳይወጣ ቀርቶ ይሆናል። ሳንጠይቅ አንፍረድ" አለኝና የልጁን ቁጥር እንድሰጠው ለመነኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ደወለ። እንድሰማ ድምፁን ከፈተልኝ።

"ከእናትዎ መኖሪያ ነው የምደውለው" አለ።

"ምነው? ደህና ናት?"

"ደህና ናቸው። ስለ ቅዳሜው ጥሪ ነበር።"

"አዎ፣ አዎ፣ እየሞከርኩ ነው እኮ። ትናንትም ሞክሬ ነበር፤ ኔትወርኩ እምቢ እያለኝ..."

"ወንድሜ" አለው ሽቦ፣ ሳይቆጣ። "ኔትወርኩ እኔ ነኝ።"

ከወዲያ በኩል የልጁ ትንፋሽ ይሰማል።

"ማለት..."

"በሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቢመጡ ኖሮ አይዎት ነበር።"

የሚዘጋው መስሎኝ ነበር። አልዘጋውም። ድምፁ ሲመለስ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። "መጀመሪያ ሥራዬ እስኪስተካከል ብዬ አዘገየሁት" አለ። "ከዚያ ቆየሁ። ከዚያ ደግሞ መቆየቴ ራሱ አሳፈረኝ። አሁን ዐይኗ እንዲህ ሆነ ስባል... በምን ፊቴ? ምን ብዬ?"

ልሰድበው ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተውኩት።

"ምንም አይበሉ" አለው ሽቦ። "ፊትዎን ብቻ ያሳዩዋቸው። ቅዳሜ።"

"እሺ። ቅዳሜ። ቃሌ ነው።"

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ቆየን። "ታውቂያለሽ" አለኝ፣ "ኔትወርክ የለም ብሎ ማንንም መሸወድ የማይችል ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።" ሊስቅ ሞከረና ተወው። "ለነገሩ ማንን እሸውዳለሁ? የሚጠብቀኝ የለ።"

ቅዳሜ ሽቦ ጺሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ጥግ ላይ ተቀመጠና ላፕቶፑ ላይ አፈጠጠ። እማማ ስክሪኑ ፊት ናቸው፤ ዐይናቸው ተፈትቷል። ልጃቸው ቃል መግባቱን አልነገርናቸውም፤ ቢነገራቸው እስከ ቅዳሜ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። የሌሎቹ ጥሪ መጣ፣ ሳቁ፣ ለቅሶው፣ ስንብቱ። በየመሀሉ ሽቦን አየዋለሁ፤ ራሱን ይነቀንቃል። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወረደች። ወንበሮቹ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። በመጨረሻ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሦስታችን ጥላ ብቻ ቀረ።

"ዛሬም አልተበጀም?" አሉ እማማ። መልስ ሳይጠብቁ ጨርቁን ማሰር ጀመሩ።

ሽቦን ክንዱን ይዤ ኮሪደር አወጣሁት። "አልተበጀም በላቸው" አልኩት። "ሌላ ምን ትላለህ? በኔትወርኩ አሳብበው። ኔትወርክ ቢሰደብ ምን ይሆናል? እናት የለው!"

"እኔም ብልሽት እንዲሆን ስመኝ ነው የከረምኩት" አለኝ። "ብልሽት ቢሆን እጠግነዋለሁ።"

"እና ብልሽት ነው በላቸዋ! ምን ይጎዳል?"

"ካልኳቸው ዐይናቸውን እስከሚመጣው ቅዳሜ ያስሩታል። ከዚያ እስከሚቀጥለው። ያቺ የቀረችው ብርሃን ጨርቅ ሥር ሆና ታልቃለች። ምንም ሳያዩባት።"

ክንዱን ለቀቅኩት።

ተመልሶ ገባና ወንበራቸው አጠገብ ቁጢጥ አለ። እንዲያም ሆኖ ቁመቱ ከእሳቸው እኩል ነበር። "እማማ" አለ። "በሩ ክፍት ነው። ከተከፈተ ቆይቷል። የተበላሸ ነገር የለም።"

"ከሱ ወገን ነዋ የተበላሸው።"

"ዕቃውስ ደህና ነው።"

እማማ የቀሚሳቸውን ጠርዝ ይዘው እንደሚሰፉ ሁሉ በጣታቸው ያጥፉት ጀመር። አጥፈው አጥፈው ሲያበቁ "አልደወለም" አሉ።

"አልደወሉም።"

"ሞክሬያለሁ ያለውስ?"

"አልሞከሩም፣ እማማ። ደውዬ አነጋግሬያቸዋለሁ። አፍረዋል።"

ጥቁሩ ጨርቅ እንባ ያሳይ አይመስለኝም ነበር። ከሥሩ ሾልኮ ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ሽቦ የሚያደርገውን አጥቶ እጁን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፈ፤ እሳቸውም ዳብሰው አገኙትና አጭሩን እጅጌ ጨበጡት። ከኮሪደሩ የሰሐን ድምፅ ይሰማ ነበር።

"በሩ ክፍት መሆኑን በምን አወቅህ?" አሉት በመጨረሻ።

"ከውጭ ሞክሬ።"

"ልጄም በጆሮዬ ነው የዋሸኝ። ከእንግዲህ የሰማሁትን አላምንም። ውጣና ሞክር፤ ልየው።"

ወጣ። እማማ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ቋጠሮውን ፈቱ። ቀስ ብለው ነው፤ እንደዚያኛው ቀን አልተጣደፉም። ስለ ፀጉራቸውም አልጠየቁኝም። ጨርቁ ከጭናቸው ተንሸራቶ ወደቀ፤ አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት። እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም።

ስክሪኑ ጮኸ። ነካሁት።

"ሙከራ ነው፣ እማማ" አለ ሽቦ።

"ዝም በል፣ እያየሁ ነው። ጠጋ በል።"

ጠጋ አለ። እሳቸውም ወንበራቸውን አስገፍተውኝ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ። በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ፊቱን በአንድ ጊዜ ማየት አይችሉም፤ ትንሽ በትንሽ ነው የሚሄዱበት። ከግንባሩ ጀመሩ። "ይቺ ጠባሳ ምንድን ናት?"

"ልጅ ሆኜ ወድቄ ነው።"

"እም። ዐይንህ ቀልቷል።"

"ስክሪን ሳይ ስለምውል ነው።"

"ነው?" አሉት። ወረድ አሉ። "ጺምህን በጨለማ ነው እንዴ የላጨኸው? በግራ በኩል ትተኸዋል። የሚነግርህ ሰው የለም?" አንገትጌው ላይ ደረሱ። "ሁለተኛዋን ቁልፍ ማን ነው የሰፋት?"

"እኔው ነኝ።"

"ያስታውቃል። ክሩም የሌላ ነው።"

እኔ ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ መጣ። "ጠርተሽ አስገቢው፤ መርፌና ክር ፈልጊልኝ፤ ቁልፏን በዳበሳም እሰፋታለሁ" አሉኝ፣ ዐይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። እየሮጥኩ ወጣሁ።

ከግቢው በር ላይ ሆኜ ከመንገዱ ማዶ አየሁት። መንገደኛው በግራ በቀኙ ያልፋል። ስልኩን እጁን ዘርግቶ ፊቱ ላይ ይዞ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ሌላውን እጁን ከጎኑ አሳርፎ፣ ልብስ ሰፊ ፊት ቆሞ እንደሚለካ ሰው ቀጥ ብሏል። ጉንጩ ረጥቧል፤ አልጠረገውም። የእማማ ድምፅ ከስልኩ እስከኔ ድረስ ይሰማል።

"አትንቀሳቀስ፤ ገና አልጨረስኩም።"

"እሺ፣ እማማ።"

ልጠራው ነበር የወጣሁት። ይህን ፊት ሰው እንዲህ ካየው ስንት ዓመቱ ይሆን ብዬ አሰብኩና፣ እስኪጨርሱ ድረስ አፌን ዘግቼ በሩ ላይ ቆምኩ።